የዕቃው ስም አንድ ሳይሆን ሶፍትዌር አትግዙ

ወገን፣ ስለ ሠራዊት ሲነሳ ሁሌ ጀግንነቱን ነው የምናወራው። ዛሬ ስለ ስንቅ እናውራ።

አድዋ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተሰልፈዋል። ያኔ እያንዳንዱ መኳንንት ጦሩን ከነስንቁ ይዞ ይመጣ ነበር፤ በሶውም በቅሎውም በየጌታው። ድሉ ተገኘ፤ ግን የካቲት 1888 ዓ.ም. ላይ ሰፈሩ ውስጥ እህል እያለቀ እንደነበር መርሳት የለብንም።

ዛሬ ስንቅ የሚመዘገበው በኮምፒውተር ነው። ታዲያ ምድር ኃይል አንድ ሶፍትዌር፣ አየር ኃይል ሌላ፣ ከ2011 ወዲህ እንደገና እየተቋቋመ ያለው ባሕር ኃይል ደግሞ ሦስተኛ ቢገዛ «በየጌታው» መልሶ መጣ ማለት ነው። በሲቪሉ በኩል አይተነዋል፤ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ኢፍሚስ ሲል ወረዳው አይቤክስ ይላል።

ግን በሽታው ከሶፍትዌሩ በፊት ነው የሚጀምረው። እኛ መርጡለ ማርያም ገበያ «ማዳበሪያ» ብትል ዩሪያውም ነው፣ ባዶው ከረጢትም ነው። አንዱ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 ላይ «ማዳበሪያ»፣ ሌላው «ጆንያ» ብሎ ካስገባ የትኛው ኮምፒውተር ይደምረዋል? ቀልድ ይመስላል። «ማዳበሪያ»ውን በቁስል ፋሻ ተኩትና እዩት፦ አንዱ ስክሪን «የለም» ይላል፣ ሌላው መጋዘን ውስጥ ጊዜው እያለፈበት ነው። የሚደማው የገበሬ ልጅ ነው።

አሜሪካኖች ይሄ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደርሶባቸዋል። አንዱን ዕቃ ምድር ጦሩና ባሕር ኃይሉ በተለያየ ስም ይጠሩት ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. በሕግ አንድ ዕቃ አንድ መለያ ይኑረው አሉ፤ ዛሬ የኔቶ አገሮች የሚሠሩት በ13 አኃዝ ቁጥር ነው። እንዲያም ሆኖ አየር ኃይላቸው ከ200 በላይ ያረጁ ሲስተሞችን በአንድ ልተካ ብሎ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካፈሰሰ በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. ትቶታል። ያን ያህል ገንዘብ እኛ ከየት እናመጣለን?

«የአየር ኃይል ዕቃ ልዩ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ የአውሮፕላን ጎማ ለእግረኛ አይሆንም። ናፍጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ባትሪ፣ ፋሻ ግን የሁሉም ነው፤ ከእነሱ ይጀመር።

አቋማችን ይሄ ነው፦ መጀመሪያ አንድ የዕቃ ዝርዝር፣ ከዚያ ጨረታ። በመጋዘን ስንት እንዳለ ሚስጥር ይሁን፣ ማንም አይጠይቅም። የጫማ ስም ግን ሚስጥር አይደለም። ዝርዝሩን ለመሥራት ደግሞ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም፤ ዳታቤዝ ተምሮ በየወረዳው የተቀመጠ ተመራቂ ሞልቷል፣ ይህን የሚጽፈውም አንዱ ነው። ማስታወቂያው ይለጠፍ እንጂ በማግስቱ ዲግሪያችንን ይዘን በሩ ላይ ነን።