ታኬታውን የሚመርጥ እግር ጎማውን ለምን ይረሳል?

ዝናብ በጣለ ቁጥር የክለብ ትጥቅ ኃላፊ ሥራ ይበዛበታል። ሜዳው ከጨቀየ ጥርሱ ረጅም የሆነ የብረት ታኬታ፣ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ አጭር የሆነውን ያቀርባል። ተከላካዩ በጭቃ ሜዳ አጭር ጥርስ አጥልቆ ገብቶ በወሳኟ ደቂቃ ሸርተት ካለ ጎሉ በእሱ ስም ይጻፋል፤ ደጋፊውም «ታኬታህን አትመርጥም እንዴ?» እያለ ይጮህበታል። ለሦስት ነጥብ ይህን ያህል የሚጨነቀው ስፖርት፣ ተጫዋቹ ልምምድ ጨርሶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን መሬት የሚረግጥበትን ነገር እምብዛም አይጠይቅም።

እግር ኳስና ፈጣን መኪና ከተዋደዱ ዘመን ቆጥረዋል። ክርስቲያኖ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ማንቸስተር አየር ማረፊያ አጠገብ ባለ የዋሻ መንገድ ውስጥ ፌራሪውን አላትሞ ያለ ጉዳት ሲወጣ ዓለም «ተመስገን!» ብሎ ተነፈሰ። ጋዜጦቹም የተጨፈለቀውን መኪና ፎቶ አትመው ወደ ቀጣዩ ጨዋታ አለፉ። ሁሉም ግን እንደ ሮናልዶ አልታደለም።

መድፈኞቹ በ2003/04 የውድድር ዘመን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፉ ዋንጫ ሲያነሱ፣ በአጋማሹ ከሴቪያ መጥቶ የተቀላቀላቸውን ሆሴ አንቶኒዮ ሬየስን የአዲስ አበባ የአርሴናል ደጋፊ አይረሳውም። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2019 በደቡብ ስፔን ኡትሬራ አካባቢ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ በእሳት ተያያዘና በ35 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ምሽት ማድሪድ ላይ የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ከመጀመሩ በፊት ሊቨርፑልና ቶተንሃም የኅሊና ጸሎት አደረጉለት። የስፔን ጋዜጦች ስለ አደጋው ሲዘግቡ ሁለት ነገሮችን ደጋግመው አነሱ፤ ከፍተኛ ፍጥነትና የፈነዳ ጎማ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ኀዘኑ ወደ ሊቨርፑል ቤት ገባ። ዲዮጎ ጆታ ቀዮቹ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሱበት ዓመት፣ ሠርጉ ባለፈ በ11ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2025 ሰሜን ምዕራብ ስፔን ውስጥ ከታናሽ ወንድሙ ከአንድሬ ሲልቫ ጋር ላምቦርጊኒ መኪና ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የስፔን ፖሊስ በመጀመሪያ የገለጸው ሌላ መኪና እየቀደሙ ሳለ ጎማ መፈንዳቱን ነበር፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ ከተፈቀደው በላይ ሳይሆን እንዳልቀረ የሚጠቁሙ ምልክቶች መኖራቸውን አስታወቀ። ክለቡም 20 ቁጥር ማሊያን ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው ሰቀለው።

ሙት ወቃሽ አያድርግና፣ ጉዳዩ የሁለቱ ተጫዋቾች ጥፋት አይደለም። ጉዳዩ «ጎማ ፈነዳ» የሚለው ዜና በተነገረ ቁጥር እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ መዓት ተደርጎ መወሰዱ ነው። አለት ወይም ጉድጓድ ድንገት የሚቀደው ጎማ አለ፤ ይህ አይካድም። ብዙውን ጊዜ ግን ጎማ የሚፈነዳው ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ የሚሰማው ሲያጣ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹም ሦስት ናቸው፤ ንፋሱ፣ ዕድሜውና የተጻፈበት ቁጥር።

ከንፋሱ ይጀመር። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መታጠፍና መዘርጋቱ ሙቀት ይፈጥራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሙቀቱ ያን ያህል አያስፈራም፤ በ150 ግን የሚበርድበት ጊዜ አጥቶ እየተጠራቀመ ላስቲኩን ከውስጡ ካለው የብረት ሽቦ ያላቅቀዋል። ታዲያ የተጫዋች ኑሮ ለዚህ ችግር የተመቸ ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት አራት መኪና ያቆማል። እሱ ለጨዋታ ሲዞር፣ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ፣ ጉዳት ላይ ሲተኛ መኪናው ቆሞ ይከርማል፤ ቆሞ የከረመ ጎማ ደግሞ ሳይነካ ንፋሱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ዕረፍት ሲመጣ ያ መኪና ይነሳና በአንድ ጊዜ ረጅም መንገድ በፍጥነት ይነዳል። ልምምድ ሳያደርግ ሁለት ወር የከረመ አጥቂ በ90 ደቂቃ ሙሉ ያሰለፈ አሠልጣኝ ምን ይባላል? ለመኪናው ሲሆን ማንም ምንም አይልም።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። «ጎማው አዲስ ነው፣ ጥርሱን እየው!» ይባላል። ጥርስ ዕድሜ አይናገርም። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ይሰነጣጥቁታል። ብዙ ሰው የ«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ፊልም ተዋናይ የነበረውን ፖል ዎከርን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተው ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ባለው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ውስጥ ተሳፍሮ ነው። በማርች 2014 የወጣው የምርመራ ውጤት የአደጋው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ፍጥነት እንደሆነ ገለጸ፤ መኪናው በሰዓት 45 ማይል በተፈቀደበት መንገድ ከ80 እስከ 93 ማይል ይበር ነበር። ከዚያው ጋር ግን ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው እንደነበሩና ይህም የመኪናውን አያያዝ ሊያበላሽ እንደሚችል ተነገረ። ያን ሁሉ ጉልበት መሬት ላይ የያዘው ዘጠኝ ዓመት የደረቀ ላስቲክ ነበር ማለት ነው።

እንግሊዝም ትምህርቱን የወሰደችው በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሙዚቃ ድግስ የሚመለሱ ወጣቶችን የጫነ አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ ሦስት ሰው ሲሞት፣ የፈነዳው የፊት ጎማ ከ19 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሆኖ ተገኘ። ከዓመታት ክርክር በኋላ በፌብሩዋሪ 2021 ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ጎማ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ እንዳይገጠም ታገደ። የቤት መኪናን ግን እገዳው አልነካውም። የቤት መኪና ጎማ ዕድሜ ለባለቤቱ ዓይን ተትቷል።

ዓይን ካለ ደግሞ ማየት ቀላል ነው። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በቃ፣ የልደት የምስክር ወረቀቱ ይኸው ነው። የተጫዋች ዕድሜ ተጭበረበረ ብሎ ሌሊቱን ሲከራከር የሚያድር ደጋፊ የገዛ ጎማውን ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አያነብም።

ሦስተኛው የተጻፈበት ቁጥርና ፊደል ነው። 245/40 አር 18 የሚለው ስፋቱን፣ የጎኑን ቁመትና የቸርኬውን መጠን ይናገራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ነፍስ ያለበት ነው። 95 ዋይ የሚል ጽሑፍ ካለ ቁጥሩ ጎማው 690 ኪሎ እንደሚሸከም፣ ፊደሉ ደግሞ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ያሳያል። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270 ነው። 300 የሚበር መኪና ላይ 210 የሚችል ጎማ መግጠም ተራራ የሚያክል አጥቂ ፊት ለፊት የታዳጊ ቡድን ተከላካይ እንደማቆም ነው፤ ለጊዜው ይይዘው ይሆናል፣ ሲመጣበት ግን አይችለውም።

የመኪና ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን አሳምረው ያውቁታል። ቡጋቲ ቬይሮን ሱፐር ስፖርት እ.ኤ.አ. በ2010 በሰዓት 431 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ለገዢ የሚሸጠው ግን ከ415 እንዳያልፍ ተደርጎ ተቆለፈ። ለምን? ሞተሩ አቅቶት አይደለም፤ ለጎማው ተብሎ ነው። 1,200 የፈረስ ጉልበት በጎማ ፊት አንገቱን ደፋ ማለት ነው።

በምርጫው ላይ ሌላም ስሕተት አለ። «ከሁሉ ውዱን፣ ከሁሉ ፈጣኑን አምጡልኝ» የሚል ገዢ ብዙ ነው። ለውድድር ሜዳ የተጠጋ ጎማ በደረቅና በሞቀ አስፋልት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ነገር ግን ጥርሱ ጥልቀት የለውም፤ ውሃ የቋጠረ መንገድ ላይ ውሃውን አያስወጣም፣ በብርድም ላስቲኩ ይደነድናል። የበጋ ጎማ የሚባለው ራሱ ሙቀቱ ከሰባት ዲግሪ በታች ሲወርድ አያያዙ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ማንቸስተር ዝናብ ውስጥ የሚኖር ተጫዋች ለውድድር የተሠራ ጎማ ገጥሞ ለልምምድ ቢወጣ በጭቃ ሜዳ ያለ ጥርስ የገባውን ተከላካይ ሆነ ማለት ነው። ለመንገድ መኪና ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው በእርጥብ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚያቆም ነው። በአውሮፓ ከ2012 ጀምሮ አዲስ ጎማ ሲሸጥ ይህ በፊደል ተለጥፎበት ነው፤ ከላይ ያለው «ኤ» ነው። የቸርኬው ማማር መጨረሻ ላይ ቢመጣ ምን ይጎዳል?

«ጎማው አይችልም» ብሎ መቆም ደግሞ ወንድነት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 2005 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የፎርሙላ ዋን ተመልካች ያልጠበቀውን አየ። ቀደም ብሎ በልምምድ ቀን የራልፍ ሹማኸር መኪና በ13ኛው ኩርባ ጎማው ከድቶት ተጋጨ። ሚሸሊን መርምሮ «ጎማችን በዚህ ኩርባ በዚህ ፍጥነት ውድድሩን አይጨርስም» አለ። 14 መኪኖች የማሟሟቂያውን ዙር ጨርሰው ወደ ጋራዣቸው ገቡ፤ ብሪጅስቶን የገጠሙ ስድስት መኪኖች ብቻ ተወዳደሩና ማይክል ሹማኸር አሸነፈ። ተመልካቹ ጮኸ፣ ጠርሙስ ወረወረ። ሚሸሊንም ቆይቶ የትኬት ገንዘብ መለሰ። ያን ቀን ስፖርቱ ተዋርዷል የሚሉ ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ዕለት ማንም አልሞተም። የዓለም ምርጥ አሽከርካሪዎች ለጎማ ብለው ውድድር ከተዉ፣ ለእራት ግብዣ የሚነዳ ሰው ጎማውን ቢፈትሽ አያፍርም።

«ሰው የሚገድለው ፍጥነት ነው፣ ጎማ አታመካኙ» የሚል ሙግት ይነሳል። እውነት አለው። ምንም ዓይነት ጎማ ከሕግ በላይ የሚበርን ሰው ነጻ አያወጣም። ነገር ግን ፍጥነት ስሕተቱን ሲሠራ፣ ስሕተቱ ይቅር የሚባልበት ወይም የማይባልበት ቦታ ጎማው ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ሞተር፣ ኮምፒውተር የሚባለው ሁሉ ከመሬት ጋር የሚነጋገረው እያንዳንዳቸው መዳፍ በሚያክሉ አራት የላስቲክ ቁራጮች ብቻ ነው። አራቱ መዳፎች ከለቀቁ የሁለት መቶ ሺሕ ፓውንድ መኪና ሸርተቴ ነው።

ይህ የሀብታም ተጫዋቾች ወሬ ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ካለ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው፤ በባትሪው ምክንያት ይከብዳል፣ ሲረገጥ ደግሞ እንደ ስፖርት መኪና ይወነጨፋል። ድሮ ለፌራሪ ባለቤት ብቻ የነበረው ጥያቄ አሁን የቤተሰብ መኪና ጥያቄ ሆኗል። ሰፈር ያለው ጎሚስታ «ልኩ አንድ ነው፣ ይሄ ይሆንሃል» ብሎ ከድሮው ቀላል መኪና የወለቀ ጎማ ቢገጥም ልኩ ይገጥማል፤ የመሸከም ቁጥሩ ግን ላይበቃ ይችላል። ያ መኪና ቤተሰብና ሻንጣ ጭኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዳማ ፍጥነት መንገድ ወደ ሞቃቱ ቆላ ሲወርድ ጉዳዩ የቁጥር ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ጎማን በእግር ረገጥ አድርጎ «ንፋስ አለው» ማለትም ልኬት አይደለም። የሚገባው ንፋስ በሹፌሩ በር ጥግ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ክለቦች ግን የበለጠ ይጠበቅባቸዋል። የተጫዋቹን ምግብ ይመዝናሉ፣ እንቅልፉን ይቆጥራሉ፣ ጡንቻውን በየሳምንቱ ይፈትሻሉ፤ በውሉ ላይ የበረዶ ሸርተቴ እንዳይጫወት የሚከለክሉም አሉ። ታዲያ በልምምድ ማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ ላይ በወር አንዴ አንድ ባለሙያ ንፋስ መለኪያ ይዞ ቢዞር፣ አራቱን አሃዞች አንብቦ ያረጀውን ቢያስቀይር፣ ስንት ያስወጣል? ለአንድ ተቀያሪ ተጫዋች የሳምንት ደመወዝ አይሞላም። ደጋፊው በስታዲየም በር ላይ አበባ ከሚያስቀምጥ፣ ክለቡም ማሊያ ከሚሰቅል፣ ያ ባለሙያ በየወሩ ቢዞር ይሻላል።