የፍሬ መንገድ ከየት ይጀምራል?

እኛ ኮኖች ሲኒማ ቤት የለንም። ለማማረር አይደለም፣ ለመግቢያ ያህል ነው። ከተማችን የዋድላ ወረዳ መቀመጫ ብትሆንም፣ ብዙ ሰው የሚያውቃት ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር ሲያልፍ በአውቶብስ መስኮት ነው። ፊልምም የሚደርሰን ዘግይቶ፣ በላፕቶፕ ወይም በስልክ ነው። የሄርሞን ኃይላይን ‹‹ፕራይስ ኦፍ ላቭ›› (የፍቅር ዋጋ እንበለው) ዋጋዱጉ ፌስፓኮ ላይ፣ ቶሮንቶም ፌስቲቫሉ ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. አይተውታል። እኛ ተራችን የደረሰን ከነሱ በኋላ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቴዲ የታክሲ ሾፌር ነው፤ እናቱ ሴተኛ አዳሪ ነበረች። ፍሬ የምትባል ሴተኛ አዳሪን ከቀድሞ ጓደኛዋ ከማርቆስ ሊያስጥል ሲገባ ታክሲው ይሰረቅበታል። መኪናው እንጀራው ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ሊረሳው የሚፈልገውን ልጅነቱን ታስታውሰዋለች። ማርቆስ ፍሬን ወደ አረብ አገር ሊሸጣት ያስባል። ቴዲን እስክንድር ታምሩ፣ ፍሬን ፍሬወይኒ ገብረገርግስ ይጫወታሉ።

በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው፤ በእኛ እምነት የጠቀመውም ይኸው ነው። ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው ቪላው ነዋ! ለአማርኛ የፍቅር ፊልም ቪላ፣ ካፌና የተከራዩት መኪና እንደ ግዴታ ሆኖ ስንት ዓመት አየን። እዚህ ግን ካሜራው መንገድ ላይ ወጣ። ታክሲ ውስጥ የሚቀረጽ ንግግር ስቱዲዮ አይፈልግም፤ የሌሊቱን መብራትም ከተማዋ ራሷ ታበድራለች። ሄርሞን ያደገችው ሴተኛ አዳሪዎችን በቅርብ እያየች እንደሆነ ተናግራለች፤ ያስታውቃል። ፍሬ የምታስተምረን ነገር የላትም፣ የምታስለቅሰን አሻንጉሊትም አይደለችም። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ‹‹ሂሩት አባቷ ማነው?›› በ1957 ዓ.ም. ገና በርዕሱ የጠየቀው ጥያቄ ከ50 ዓመት በኋላ በሾፌሩ ልጅ በኩል መምጣቱ ደግሞ ገርሞናል።

ጠባችን ከማርቆስ ጋር ነው። ማርቆስ ገና ሲታይ ክፉ መሆኑ ይታወቃል። እንዲህ ቢሆንማ ወሎ ውስጥ ማን ልጁን ይሰጥ ነበር?

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን አገደ። በኅዳር ሳዑዲ ወገኖቻችንን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ ያላነሱ ሰዎች ተመለሱ። ፊልሙ ሲወጣ እገዳው አልተነሣም ነበር። በኛ በኩል ግን እገዳው ጉዞውን አላስቆመውም፤ ያስቀየረው መንገዱን ነው፤ በጅቡቲ፣ በባሕር፣ በየመን። ያን መንገድ የሚያሳየው ደላላ ደግሞ ማርቆስን አይመስልም። ሰርግ ላይ አብሮን የበላ፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን የተከለ፣ የክርስትና አባት የሆነ ሰው ነው። ልጅቷንም ማንም አይጎትታትም። አባቷ በሬ ሸጦ፣ እናቷ ከእቁብ ተበድራ ነው የሚሸኟት። ስለሚጠሏት አይደለም፣ ስለሚወዷት ነው! የፍቅር ዋጋ ከተባለ ይኸው፤ በብር ተቆጥሮ፣ በመቀነት ተቋጥሮ።

ይህ ፊልም ገና አልተሠራም። ወጪው ደግሞ ከሄርሞን ታክሲ አይበልጥም፤ አንድ ቤት፣ አንድ በሬ፣ የእቁብ ዳኛና አንድ ስልክ። ተዋናይ ከጠፋ እኛ አለን (የደላላው ቦታ ላይ ግን ጠብ ይነሣል፣ ማንም መጫወት አይፈልግም)። መንገዱ ሰላም ሲሆን ኑ። ከጋሸና ወዲህ ብዙም አይርቅም፤ ብርዱ ስለሚከብድ ጋቢ ያዙ።