ሜትሩን አስቀምጡና በሽተኛውን ተመልከቱ

ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ሳምንት የግል ሆስፒታል መታመም ነው! ደርቆ የከረመው የእጅ ማጽጃ ዕቃ ሞልቶ ያድራል። መተላለፊያው ላይ የተደረደረው አልጋ መጋዘን ይገባል። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እሱ ግን ታይቶ የማያውቀው ስፔሻሊስት እንኳ ነጭ ጋዋን ለብሶ ብቅ ይላል። ነርሶቹ ቀኑን ያውቁታል፣ ዘበኛውም ያውቀዋል። ድንገተኛ ፍተሻ የሚባለው ለማን ድንገተኛ እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

ታዲያ ባለሆስፒታሉን ብቻ እንርገመው? ሰው የሚያሳምረው የሚለካበትን ነው። ተቆጣጣሪያችን የክፍሉን ስፋት ይለካል፣ አልጋ ይቆጥራል፣ የባለሙያ ፈቃድ ከነማኅተሙ ያገላብጣል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ስንቱ ቁስሉ አመረቀዘ? ስንቷ እናት ሳያስፈልጋት በኦፕራሲዮን ወለደች? ስንቱ ታካሚ ለገበያው ሲባል ብቻ የምርመራ ወረቀት ተጻፈለት? ይህን ጠይቆ መልሱን ለሕዝብ የነገረ ባለሥልጣን አላየሁም።

በ2002 በአዋጅ ቁጥር 661 ምግቡም መድኃኒቱም፣ ጤና ተቋሙም ባለሙያውም በአንድ ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለሉ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1112 መጣና ምግብና መድኃኒት ብቻቸውን ቀሩ፤ የተቋማቱና የባለሙያዎቹ ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ዞረ። ማኅተሙ ተቀየረ፣ ሜትሩ ያው ነው።

አንድ ሌሊት በአንድ የግል ሆስፒታል የገንዘብ መክፈያ መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። መኪና የገጨው ልጅ ተኝቷል። ወንድሙ ደም የነካው እጅጌውን ሰብስቦ በሞባይል ባንኪንግ ማስያዣውን ለማሟላት ከዘመድ ከወዳጅ ይለቅማል። ገንዘብ ተቀባይዋ «ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቅ» ትለዋለች። ከጭንቅላቷ በላይ የታደሰው ፈቃድ በመስታወት ተሰቅሏል። ደረጃውን ያሟላ ተቋም መሆኑ ነው!

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መኪና የገጨው ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ወጪውም እስከ 2,000 ብር እንዲሸፈን ደንግጎ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የላብራቶሪው ኬሚካል የሚገባው በዶላር ነው፣ የማሽኑ መለዋወጫም እንዲሁ። አዋጁ ያኔ ባሰበው 2,000 ብር ዛሬ የጭንቅላት ሲቲ ስካን የሚያነሳ የግል ሆስፒታል የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ። መንግሥት «አክሙ» ብሎ ያዝዛል፣ ሒሳቡን ግን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ይወጣል። ሆስፒታሉም ሒሳቡን ለወንድምየው ያቀብላል።

ባለሆስፒታሎቹ ይህን ሲሰሙ እንዳያጨበጭቡልኝ። «ቁጥጥር በዛብን» የሚሉት እነሱ ናቸው የባለሙያ ፈቃድ ተከራይተው ግድግዳ የሚያስጌጡት። ጠዋት የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራውን ሐኪም ማታ በድካሙ ተቀብለው በሙሉ ዋጋ የሚሸጡልንም እነሱው ናቸው። የሚያስፈልጋቸው የላላ ቁጥጥር አይደለም፤ የጠበቀ ቁጥጥር ያስፈልጋቸዋል፣ ግን ዓይን ያለው። (ተቆጣጣሪው በወር ደመወዙ ቤት ኪራይ መክፈል ካቃተው ዓይኑን ማን እንደሚገዛው አብረን እናስብ።)

የምጠይቀው ውስብስብ አይደለም። የእያንዳንዱ ሆስፒታል የሞትና የኢንፌክሽን መዝገብ በየዓመቱ በስሙ ይውጣልን፤ ከባድ ሕመም የሚቀበለው ከቀላሉ ጋር በአንድ ሚዛን እንዳይቀመጥ ባለሙያ ያመዛዝነው። ማስያዣና የአልጋ ዋጋ መግቢያው በር ላይ ይለጠፍ። የድንገተኛ ሕክምናው ሒሳብ ማን እንደሚከፍል በዛሬ ዋጋ ይወሰን። የሚቀጥለው ተቆጣጣሪም ማታ 5 ሰዓት ይምጣ፣ በድንገተኛ ክፍሉ በር ይግባና ተረኛውን ሐኪም ይጥራ። ፈቃዱ የሚታደሰውም የሚታገደውም ሐኪሙ በመገኘቱና ባለመገኘቱ ይሁን።