«በወር ነው በቀን?» ቺቺኒያና 22 አካባቢ ቤት ለምትፈልጉ

22፣ ቺቺኒያ፣ አትላስ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ቤት ፈልጋችሁ ከሆነ ይህቺ ጥያቄ አዲስ አትሆንባችሁም። ደላላው ገና ስልኩን ሲያነሳ «በወር ነው በቀን?» ይላል። ጀሞ ወይም የካ አባዶ ብትደውሉ ይህን የሚጠይቃችሁ ብዙም አታገኙም።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ጭፈራ ቤት የበዛበት ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ሁለት ገበያ አለው። እናንተ በወር ትፈልጉታላችሁ፤ ከውጭ ለእረፍት የመጣው፣ ከክፍለ ሀገር ለስራ የገባው፣ ሲዝናና መሽቶበት ቤቱ መሄድ ያልፈለገው ደግሞ በቀን ይፈልገዋል። እንበልና አንድ ክፍል በወር 15,000 ብር ያወጣል። በቀን 1,500 ብር ቢከራይ በ10 ቀን ያንኑ ብር አመጣ ማለት ነው፣ ቀሪው 20 ቀን ትርፍ ነው። አንሶላ ማጠቢያና ጽዳት ቢቀነስ እንኳ አከራዩ የቱን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም።

በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ለተከራይ ጥሩ ነገር ይዞ መጥቷል። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፣ በመርህ ደረጃ ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም። ጭማሪም አከራዩ እንደፈለገ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያሳውቀው መጠን ነው። ግን ይኸው አዋጅ ሆቴልን፣ ሪዞርትንና የእንግዳ ማረፊያን አይመለከትም። ይሄ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ለሦስት ቀን የመጣ እንግዳ የ2 ዓመት ውል ምን ያደርግለታል? ችግሩ ክፍሉ ያው ክፍል መሆኑ ነው። ተከራይ ሲለቅ አልጋና ቴሌቪዥን ተገብቶ «ገስት ሀውስ» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈ ቤቱ ከወር ኪራይ ገበያው ወጣ ማለት ነው። ሌላ ሰፈር ላይ እንዲህ የማድረግ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቺቺኒያ ላይ ግን ጥቅሙ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሕጉ በጣም ሊጠቅም በሚችልበት ሰፈር ነው ማምለጫው የቀለለው፣ በእኔ አስተያየት።

አከራዮችም የራሳቸው ወሬ አላቸው። ውል ሲመዘገብ ገቢው ይታያል፣ የኪራይ ግብር ይመጣል፣ ተከራይን ለማስወጣት ምክንያት ያስፈልጋል። «የራሴን ቤት!» የሚሉት ለዚህ ነው።

እነዚህ ሰፈሮች ውስጥ በወር የሚከራየው ማነው ታዲያ? ለሙዱ ብሎ የመጣ ወጣት አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ የምታገኙት ሌሊቱን የሚሰራውን ሰው ነው፦ አስተናጋጇ፣ ዲጄው፣ ምግብ አብሳዩ፣ የበር ጥበቃው። እነሱ እዚያ የሚኖሩት ወደውት ብቻ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስራ ሲያልቅ ሚኒባስ የለም። በየቀኑ ራይድ መጥራት ደግሞ የሌሊቱን ቲፕ መልሶ መብላት ነው። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ብዙዎቹ በቲፕ ነው የሚያድሩት፤ ገቢያቸው ሰኞና ቅዳሜ አንድ አይደለም፣ ኪራዩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይገባሉ። ውሉ (ካለ) በአንዷ ስም ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ በወረቀት ላይ የሉም። እሷ አግብታ ወይም አረብ አገር ሄዳ ስትወጣ የሁለቱ መቆየት በአከራዩ ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ደግሞ የግቢው በር አለ። «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» የሚል አከራይ፣ የሚኖረው በጭፈራ ቤቱ ገበያ በተወደደ ግቢ ውስጥ ነው። ብቻዋን ለመከራየት የሄደች ሴት «ስራሽ ምንድነው?» ስትባል እውነቱን ብትናገር ቤቱን ልታጣ ትችላለች፤ በዚያው ግቢ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ግን በቀን ለማንም ይከራያል።

ካዛንቺስን አስታውሱ። ስሙ የመጣው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው፣ በኋላ ግን የአዝማሪና የጃዝ ሰፈር ሆነ። የፈንዲቃው መላኩ በላይ በወጣትነቱ ባንኮኒ ስር እያደረ ነው እዚያ የጨፈረው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የባለይዞታና የቀበሌ ቤት ተከራይ ጉዳይ ቢያንስ መነጋገሪያ ሆነ። ከግለሰብ በቃል ውል የተከራየው ግን ለማን ያመልክት? እዚያ መኖሩን የሚያሳይ ወረቀት የለውም።

ስለዚህ ልትከራዩ ከሆነ፦ አብራችሁ የምትኖሩ ሁሉ ስማችሁ ውሉ ላይ ይግባ። ወረዳ ይመዘገብ። ክፍያውን በባንክ አድርጉት፣ «በእጅ ስጡኝ» ቢላችሁም። ማታ የምትሰሩ ከሆነ የበር ቁልፍ ጉዳይ ከመፈረማችሁ በፊት ይለቅ። እና ቤቱን ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ አንዴ ስሙት። ደላላው ሁሌ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚያሳያችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።