የማሲንቆዋ ፍጭት
ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንድ ካፌ ስፒከር የሰማኋት የሂፕሆፕ ቅንብር ጆሮዬ ውስጥ ከርማለች። ከከበሮው ምት ሥር አንዲት አጭር የማሲንቆ ቅንጭብ እየተመላለሰች ትዞራለች። አቀናባሪው ዜማዋን ብቻ አልወሰደም፤ ደጋኑ ጭራውን ሲነካ፣ ድምፁ ገና ሳይጠራ የሚሰማውን ፍጭትም አስቀርቶታል። ለእኔ ጥበቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። ፍጭቱን አጽድቶ ቢጥለው ኖሮ የኪቦርድ ማሲንቆም ይበቃው ነበር። ስለዚህ ሳምፕሊንግን፣ ማለትም ከሌላ ቅጂ ቆርጦ መጠቀምን፣ ስንፍና ነው የሚሉትን አልሰማቸውም፤ ከረጅም ዘፈን ውስጥ ያቺን ቅጽበት መርጦ ለማውጣት የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዳሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው «አዝ ዊ ኢንተር»ን ሲሠሩ ምንጩ ታውቋል፤ ሙላቱም ከዘፈኑ ደራሲዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። የእኛ አገር አዝማሪ ግን በስልክ ተቀድቶ፣ ተቆርጦ፣ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። በአዝማሪ ቤት እንኳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ታዳሚው ሁሉ ያየዋል። እናንተ የደቡብ ጎንደር ወጣት አቀናባሪዎች፣ ቁረጡ፣ ቀጥሉ፤ ነገር ግን አዝማሪውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱት፣ ስሙን ከዘፈናችሁ ርዕስ ሥር ጻፉ፣ ከገቢውም ድርሻውን ስጡት።