ከሰጡት ይልቅ ያተረፉበትን መንገድ ይንገሩን

ከኅዳር ወር ጀምሮ የባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና የሌሎች አክሲዮን ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ በየአዳራሹ ይካሄዳል። ባለአክሲዮኖች በር ላይ ፈርመው ሲገቡ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ዓመታዊ ሪፖርት ይታደላቸዋል። ይዘቱ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም፤ የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት፣ የፕሬዚዳንቱ መልእክት፣ የተቀማጭና የብድር ዕድገት፣ የቅርንጫፍ ብዛት፣ የውጭ ኦዲተሮች ሪፖርት ከነሒሳብ መግለጫው። መሐል ላይ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚል ርእስ የተሰጠው አንድ ሁለት ገጽ አለ። እዚያ ገጽ ላይ ሁለት ሰዎች ትልቅ የካርቶን ቼክ ግራና ቀኝ ይዘው ለካሜራ ቆመዋል። ከሥሩ ለተፈናቃዮች ይህን ያህል፣ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ይህን ያህል፣ ለችግኝ ተከላ ይህን ያህል የሚል ዝርዝር ይከተላል።

ልግስናው አይነቀፍም። በዚያ ገንዘብ የታከመ ልጅ አለ፣ ከዝናብ የተጠለለ ቤተሰብ አለ። የሚያሳስበው ገጹ ሳይናገር የሚያልፈው ነገር ነው። የቅርንጫፉ በር ላይ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ጥበቃ የባንኩ ተቀጣሪ ነው ወይስ የኤጀንሲ? ባንኩ ለኤጀንሲው ከሚከፍለው ውስጥ ጥበቃው እጅ የሚገባው ስንት ነው? ባንኩ ያበደረው ፋብሪካ ፍሳሹን የሚለቀው ወዴት ነው? ደንበኞች በዓመቱ ስንት አቤቱታ አቀረቡ፤ ስንቱስ መፍትሔ አገኘ? እነዚህን የሚመልስ ሪፖርት ማግኘት ከባድ ነው። የኩባንያዎቻችን ማኅበራዊ ኃላፊነት ካተረፉት ላይ ቆንጥረው የሚሰጡት ሆኖ ቀርቷል፤ ትርፉን ያገኙበት መንገድ ግን ከሪፖርቱ ውጭ ነው።

ይህ ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ብራዚልን ማየት ይበቃል። ሚናስ ዠራይስ በተባለው ግዛት፣ ብሩማዲኞ ከተማ አጠገብ፣ ቫሌ የተባለው ግዙፍ የማዕድን ኩባንያ የብረት ማዕድን ያወጣ ነበር። ማዕድኑ ታጥቦ የሚቀረው ጭቃ የሚጠራቀመው በግድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2019 እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ግድቡ ተደረመሰ። የሠራተኞቹ የምግብ አዳራሽና የአስተዳደር ቢሮው ከግድቡ በታች፣ ጭቃው በሚወርድበት አቅጣጫ ነበሩ። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነው። የማስጠንቀቂያው ደወል አልጮኸም። 270 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የኩባንያው የራሱ ሠራተኞችና በኮንትራት የሚሠሩለት ነበሩ።

ግድቡ ለአደጋው ጥቂት ወራት ሲቀሩት «የተረጋጋ ነው» የሚል ማረጋገጫ ነበረው። ማረጋገጫውን የሰጠው ቱፍ ዙድ የተባለ ስመ ጥር የጀርመን ኩባንያ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.)፣ ቫሌ በሽርክና በያዘው በሌላ የማዕድን ማውጫ፣ ማሪያና አካባቢ፣ ተመሳሳይ ግድብ ፈርሶ 19 ሰዎች ሞተው ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንደማይደርስ ቃል የተገባውም ከዚያ በኋላ ነው። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ቫሌን ሲከስ ከማስረጃዎቹ አንዱ ያደረገው ኩባንያው ራሱ ያሳተማቸውን የዘላቂነት ሪፖርቶች ነበር። በክሱ መሠረት ሪፖርቶቹ የኩባንያው ግድቦች 100 በመቶ መረጋጋታቸው የተረጋገጠ እንደሆነ ለባለሀብቶች ይነግሩ ነበር፤ ኩባንያው ግን የብሩማዲኞው ግድብ ዓለም አቀፍ የደኅንነት መስፈርት እንደማያሟላ ለዓመታት ያውቅ ነበር። ጉዳዩ በ2023 በ55.9 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት፣ ሪፖርቱ ባዶ አለመሆኑ ነው። ቁጥር ነበረው፣ የውጭ መርማሪም ነበረው። ያልነበረው ከግድቡ ሥር ምሳውን የሚበላው ሰው ነው። እሱ ሪፖርቱን አላነበበም፤ የግድቡን ሁኔታ የሚጠይቅበት መድረክም አልነበረውም። ሪፖርቱ የተጻፈው ለባለአክሲዮን፣ አደጋው የደረሰው በሠራተኛው ላይ ነው።

የምስክር ወረቀት ብቻውን ሰው እንደማያድን ካራቺም አሳይታለች። በፓኪስታኗ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ በመስከረም 2012 (እ.ኤ.አ.) ሲቃጠል ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። ፋብሪካው ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ኤስኤ 8000 የተባለውን የታወቀ የሠራተኛ መብት ማረጋገጫ አግኝቶ ነበር። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ መሆኑን ፍርድ ቤት ከዓመታት በኋላ ቢወስንም፣ ሠራተኞቹ እንዳይወጡ ያደረጓቸው የተቆለፉ በሮችና ፍርግርግ የተገጠመላቸው መስኮቶች ግን ኢንስፔክተሩ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች ነበሩ። ቮልስዋገንም ከዚህ ዝርዝር አይቀርም፤ በመስከረም 2015 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዳው ጆንስ የዘላቂነት መለኪያ ከዓለም መኪና አምራቾች ቀዳሚ አድርጎ ሰየመው፤ በዚያው ወር ውስጥ 11 ሚሊዮን የናፍጣ መኪኖቹ ላይ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር መጫኑ ታወቀ። ማጭበርበሩ የተደረሰበት በኩባንያው ሪፖርት አልነበረም። ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች መኪኖቹን ከላቦራቶሪ አውጥተው መንገድ ላይ እየነዱ ጭሳቸውን ስለለኩ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ከሚነገርለት ሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው የፍሳሽ ማጣሪያው ነበር። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ውኃ ተጣርቶ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ወደ ሐይቁ የሚለቀቅ የለም ተባለ። ሐይቁ አጠገብ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል። ከውጭ የመጡ የልብስ ኩባንያዎችም በኩራት ተናገሩለት። ከሦስት ዓመት በኋላ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ፓርኩን ሲያጠኑ ግን ሌላ ቁጥር ይዘው ወጡ። የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207 ዶላር ይከፈል ነበር። በዓለም ላይ ለታወቁ የልብስ ብራንዶች ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው የእኛው ሆነ።

ይህን ቁጥር ከሐዋሳ ኑሮ ጋር አስተያዩት። ከገጠር የመጡት ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ኪራይ ከተከፈለ፣ አስቤዛ ከተሸመተ በኋላ ለቤተሰብ የሚላክ ቀርቶ ለሳሙና የሚተርፍ አልነበረም። ስለዚህ ሠራተኛው ይለቃል። ጥናቱ እንዳለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሙሉ በሙሉ የሚተኩ ያህል ነበር። ይህ የሠራተኛ ፍልሰት ቁጥር በየኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ በየዓመቱ በግልጽ ቢታተም ኖሮ፣ ባለሀብቱም፣ መንግሥትም፣ ገዥውም የደመወዙ ነገር እንደማያዛልቅ ቀደም ብለው ባዩ ነበር። የግሉን ዘርፍ የሚገዛ የደመወዝ ወለል ያኔ በሕግ አልነበረም። የፍሳሽ ማጣሪያው ሲወራ ደመወዙ ተረሳ፤ የተነገረውም ውሸት አልነበረም፣ እውነቱ ግን በግማሽ ብቻ ተነገረ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ንግድ ተጠቃሚነት ስታግድና ከፓርኩ ዋና ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ሲወጣ፣ እነዚያ ሴቶች ለክፉ ቀን ያስቀመጡት አንዳች ነገር አልነበራቸውም።

ልግስናን በሕግ ማስገደድም መፍትሔ አይሆንም። ሕንድ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያወጡ አዘዘች። ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ተሠርተዋል። ይሁንና በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ቱቲኮሪን በተባለችው የደቡብ ሕንድ ከተማ፣ የቬዳንታ ኩባንያ የመዳብ ማቅለጫ አየራችንንና ውኃችንን በከለብን ብለው አደባባይ ከወጡት ሰዎች 13ቱን ፖሊስ ተኩሶ ገደለ። 2 በመቶው የቱንም ያህል በአግባቡ ቢወጣ፣ ሕዝቡ ይጠይቅ የነበረው ስለ ቀሪው 98 በመቶ ነው።

የእኛ ቱቲኮሪን ለገደንቢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ ያለው የሚድሮክ የወርቅ ማውጫ በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት ታድሶለት ነበር። የአካባቢው ነዋሪዎች ግን ከማውጫው የሚወጣው ኬሚካል ጤናችንን አቃወሰ፣ እርጉዞች ያስወርዳቸዋል፣ ልጆች የአካል ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ ብለው ለቀናት ሰልፍ ወጡ፤ የማዕድን ሚኒስቴርም በግንቦት ወር ፈቃዱን አገደ። ሥራው እንደገና የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት የነዋሪዎቹን አቤቱታ እንደገና አነሣ። የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነው፤ ወንዙን የምትቀዳ እናት ውኃው ውስጥ ያለውን ማወቅ የምትችለው ሰልፍ ወጥታ ወይም የውጭ ድርጅት መጥቶላት ብቻ መሆኑ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የተፅዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም አድርጎ ኩባንያዎቻችንን ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አስገብቷል። ዛሬ አንድ ባንክ አጠራጣሪ ብድሩን ደብቆ ትርፉን ማሳበጥ እንደ ድሮው አይቀልለትም፤ ኦዲተር አለ፣ ቦርድ አለ፣ ብሔራዊ ባንክ አለ። ለሰውና ለውኃ የሚሆን ተመሳሳይ ነገር ግን የለም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የዚያው የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አውጪ ተቋም ታናሽ እኅት የሆነው ቦርድ የዘላቂነትና የአየር ንብረት ሪፖርት ደረጃዎችን አውጥቷል። የእኛው የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እነዚህን ሲመለከት መነሻ አለው።

ጊዜውም ነው። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም ለመመዝገብ የመጀመሪያው ሆኗል። የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን ከ47 ሺህ በላይ ዜጎች ገዝተዋል። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ስሙን እንጂ ውስጡን በማያውቁት ድርጅት ላይ ነው። ሠራተኛው በየዓመቱ የሚፈልስበት፣ ወንዙን አበላሽቶ ፈቃዱ የሚታገድበት ኩባንያ ነገ የአክሲዮኑ ዋጋ ይወርዳል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይህንን እንደ በጎ አድራጎት ሳይሆን እንደ ስጋት መረጃ ሊጠይቅ ይገባል።

አውሮፓ እንኳ አፈገፈገች የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የዘላቂነት ሪፖርት መመሪያ 50 ሺህ ያህል ኩባንያዎችን እንዲመለከት ታስቦ ነበር፤ በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ግን ኮሚሽኑ ከእነዚህ 80 በመቶ ያህሉን ነፃ ለማድረግ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ የወረቀቱ ብዛት ነው። እኛ ግን 300 ገጽ አያስፈልገንም። በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚለካ፣ ካምናው ጋር የሚነጻጸር ጥቂት ቁጥር ይበቃል፤ ዝቅተኛው ደመወዝ፣ በኤጀንሲ የሚሠሩ ሰዎች ብዛትና የሚደርሳቸው ክፍያ፣ በሥራ ላይ የተጎዱና የሞቱ፣ ከሥራ የለቀቁ፣ የፍሳሽ ውኃው የላቦራቶሪ ውጤት። መጥፎው ዓመትም እንደ ደጉ ዓመት መታተም አለበት።

አቅም የለንም የሚለው ሰበብም አያሳምንም። አውሮፓ ከታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና አልገዛም የሚል ደንብ ስታወጣ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ የአገራችን የቡና ላኪዎችና ማኅበራት ሥራውን ጀምረዋል። ባለሙያ በሞባይል ስልክ ጂፒኤስ እያበራ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የገበሬ ማሳ ሳትቀር መገኛዋ ይመዘገባል። ሃምቡርግ ያለ ገዥ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማወቅ ከቻለ፣ ከፋብሪካው በታች ያለ የቀበሌ ነዋሪም በወሩ ውስጥ የተለካው ውኃ ስንት ሜርኩሪ፣ ስንት አርሰኒክ፣ ስንት ሳያናይድ እንደተገኘበት፣ መቼና በየትኛው ላቦራቶሪ እንደተመረመረ ቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ሊያገኝ ይችላል።