ኑዛዜ ለደን፣ ውርስ ለትውልድ

የሰው ዕድሜ ከዛፍ ዕድሜ ያጥራል። ዛሬ ዝግባ የሚተክል አዛውንት ነገ ከግንዱ ጥላ ሥር አይቀመጥም። የአየር ንብረትን መዛባት ለመቋቋም የሚደረገው ትግልም በአንድ ትውልድ ጉልበት የሚፈጸም ሳይሆን፣ ከአላፊው ወደ ተተኪው እየተላለፈ የሚቀጥል የጋራ ሥራ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡና በሌሎችም የወለጋ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ ከሚያወርሰው ሀብት ከፊሉን ለአካባቢው ደንና ምንጭ በኑዛዜ እንዲያውል የምናሳስበው ከዚህ ሐቅ በመነሣት ነው።

በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ የሚታወቀው ቡና የሚበቅለው በዋንዛና በመሰል ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ዲዴሳ፣ አንገርና ፊንጫ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ከዚሁ ምድር ነው። ይሁን እንጂ ደኑ ያለ ጉዳት አልቆየም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ወገኖች በሰፈራ ወደ ወለጋ ቆላማ ቦታዎች ሲመጡ፣ ለእርሻና ለመኖሪያ ሲባል ሰፊ ደን ተመንጥሯል። ድርቅ ያፈናቀለውን ሕዝብ ለመታደግ የተወሰደው እርምጃ ራሱ ለሌላ ድርቅ መንገድ የሚጠርግ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ሳይንሳዊ ጥናት ደግሞ፣ አስፈላጊው እርምጃ ካልተወሰደ በያዝነው የአውሮፓውያን ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአገራችን የቡና መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቋል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ሕዝቡን በብዛት ለተከላ አንቀሳቅሷል። ነገር ግን የዘመቻ ውጤት የሚለካው በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ነው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በጥር የሚያጠጣውና ከከብት የሚጠብቀው ካጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ዘመቻ በየክረምቱ ይመጣል፤ እንክብካቤ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ገንዘብ ይጠይቃል። ኑዛዜ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል።

«ለልጆቼ ሳልተርፍ ለሕዝብ ምን ልስጥ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው ከግል ስስት ብቻ የመነጨ ነው ብለን አናጣጥለውም፤ ልጅን ማሰብ የወላጅ ግዴታ ነውና። የምንለው ሁሉ ይሰጥ አይደለም፤ ከብዙው ጥቂቱ ይሰጥ ነው። ምንጩ የደረቀበት የቡና ማሳ የሚረከብ ልጅ የተረከበው ስሙን እንጂ ሀብቱን አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ሲያርፍ ስሙን ያቆየለት ያስተማረው ትውልድና ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ነው እንጂ ያካበተው ንብረት አይደለም።

ምን ሊሰጥ እንደሚችል ግልጽ መሆን ይኖርበታል። የገጠር መሬት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ መሬትን እንደ ግል ሀብት መናዘዝ አይቻልም። በከተማ የተሠራ ቤት፣ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብና ሌላ የግል ንብረት ግን በኑዛዜ ሊተላለፍ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚያዝዘው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና ወዲያውኑ መፈረም አለበት። በቃል የተነገረ በጎ ሐሳብ ብቻውን ወራሾችን ከማጨቃጨቅ አያልፍም።

ስጦታውን የሚረከበው ማን ነው? በየከተማው ሕዝቡ በራሱ ያደራጀው ዕድር አለ። ሟችን በክብር የሚሸኝ ዕድር የሟቹን አደራ ሊጠብቅ የማይችልበት ምክንያት አይታየንም፤ በሕግ ተመዝግቦ ለደን የተሰጠውን ገንዘብ ከመረዳጃው ለይቶ ይያዝ፤ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለምንጭ ማጎልበትና ለደን ጠባቂ ደመወዝ ብቻ ያውለው፤ ሒሳቡንም በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ያስነብብ። የአደራ ገንዘብ በጥቂቶች እጅ ሲመዘበር የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ተናዛዥ እምነት ጭምር ነው። ባለፉት ዓመታት በግጭት ከቀዬው የተፈናቀለው ገበሬ ተመልሶ ሰላም ካላገኘም የሚጠበቅ ደን አይኖርም። ሰላምን ማስፈን የዚሁ ሥራ መሠረት ነው።

ስለዚህ የወለጋ አዛውንቶች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖሩ ተወላጆች በሕይወት ሳሉ እንዲመክሩበት፣ ከልጆቻቸውም ጋር በግልጽ እንዲነጋገሩበት እናሳስባለን። ዕድሮች መዝገብ ይክፈቱ፤ የሕግ ባለሙያዎች በነጻ ያማክሩ፤ የአስተዳደር አካላት የአደራውን ገንዘብ ሳይነኩ አፈጻጸሙን ይደግፉ። እኛ የተጠለልንበትን ዛፍ ሌሎች ተክለውልናል፤ ለሚመጣው ትውልድ መትከልና ለተከላው ጠባቂ ማቆም የእኛ ፋንታ ነው።